የወንድሜ ዶላርና የእኔ ማይክሮስኮፕ

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ፤

የ41 ዓመት ሴት ነኝ፣ ሁለት ልጆች አሉኝ። ከሰውነት የተወሰደ ናሙና በማይክሮስኮፕ እያየሁ በሽታውን የምለይ ፓቶሎጂስት ሆኜ መሥራት ከጀመርኩ ዘጠነኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ቀን ቀን በአንድ የመንግሥት ማስተማሪያ ሆስፒታል ሬዚደንቶች (ስፔሻሊቲ የሚማሩ ሐኪሞች) አስተምራለሁ፣ ስላይድ (ናሙናው በስሱ ተቆርጦ የተለጠፈበት መስታወት) አነባለሁ። ማታ ደግሞ ሁለት የግል ተቋማት እየዞርኩ በስላይድ ቁጥር እየተከፈለኝ አነባለሁ። ቨርጂኒያ የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ‹እስከ መቼ ለሰው ታነቢያለሽ? ኩዌስት የሚባለውን ትልቅ የአሜሪካ ላብራቶሪ የጀመረው እንዳንቺው ፓቶሎጂስት ነው› እያለ 60 ሺህ ዶላር ሊልክልኝ ተነሥቷል። ሐሳቡ ሙሉ የባዮፕሲ (ከሰውነት የተቆረጠ ሥጋ ምርመራ) ላብራቶሪ እንድከፍት ነው። አንድ የማውቀው ቀዶ ሐኪም ‹አንቺ ክፈቺ እንጂ በሽተኛው የኔ ጉዳይ ነው› ብሎኛል፤ ግን ከእያንዳንዱ ናሙና 30 በመቶ ይፈልጋል። ባለቤቴን ኪሳራው ያስፈራዋል። እኔን የሚያሳስበኝ ደግሞ ሬዚደንቶቼን ጥዬ መውጣቱ ነው፤ ክህደት መስሎ ይታየኛል። ልክፈት ወይስ ይቅርብኝ? ለወንድሜስ ምን ልበለው? ሌላም አለ፤ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ወደ ውጭ ሊሄድ ስለሆነ ባለ ሁለት መመልከቻ (ሁለት ሰው በአንዴ የሚያይበት) ማይክሮስኮፑን ሊሸጥልኝ ይፈልጋል። ልግዛው?

ስላይድ ያደከማት፣ ከአዲስ አበባ»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው የገንዘብ ጥያቄ መሰለኝ። በሁለተኛው ግን አንድ ነገር ልብ አልኩ፤ ከላይ እስከ ታች የምታወሪው ስለ ስላይድ ነው። ናሙናው እንዳይበላሽ ስለሚነከርበት ፎርማሊን፣ ስለሚገባበት ትንሽ ካሴት፣ ስለሚቀበርበት ፓራፊን የሚባል ሰም፣ ሰሙን በስሱ የሚቆርጠው ማይክሮቶም ላይ ስለሚቀመጠው ሰው አንድም ቃል የለም። አይፈረድብሽም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስላይዱ ቀለም ተቀብቶ፣ ቁጥር ተጽፎበት፣ በትሪ ተደርድሮ ነው ጠረጴዛሽ ላይ የሚደርሰው። እኔም የራሴን ላብራቶሪ ስከፍት እንዳንቺው ነበርኩ፤ የምሸጠው ዓይኔን መስሎኝ ነበር። ላብራቶሪ የከፈተ ፓቶሎጂስት ግን ጭንቀቱም ገንዘቡም የሚያልቀው ስላይዱ ጠረጴዛው ላይ ከመድረሱ በፊት ነው።

መልሴን ላስቀድም። ክፈቺ። ወንድምሽ ያሰበውን ግን አይደለም።

በከፈትኩ በሦስተኛው ወር ይመስለኛል፣ አንድ አባት ከገጠር የእህታቸውን የጡት ናሙና ይዘው መጡ። በጥቁር ፌስታል የተቋጠረ የሃይላንድ ጠርሙስ ነበር። ቀዶ ሕክምናው የተደረገበት ቦታ አፈ ሰፊ ዕቃ ስላልነበረ እጢውን በጠርሙሱ አንገት እንደምንም ጨምቀው አስገብተውታል። ትኩስ ሥጋ ልስልስ ነው፣ ይገባል፤ ፎርማሊን ከጠጣ በኋላ ግን ይጠጥርና አልወጣም ይላል። ጠርሙሱን በመቀስ ቀድጄ ነው ያወጣሁት። ፎርማሊኑ የናሙናውን አሥር እጥፍ መሆን ሲገባው እጢውን እንኳ በወጉ አልሸፈነውም። ሰውየው በአውቶቡስ ሁለት ቀን ተጉዘዋል፤ ከዚያ በፊት የት ተቀምጦ ስንት ቀን እንደቆየ የሚናገር የለም። ስቆርጠው ዳር ዳሩ ግራጫ ሆኖ ጠንክሯል፣ መሀሉ ግን ቀላ ብሎ ልፍስፍስ ብሏል።

ካንሰር መሆኑን ለማየት አልተቸገርኩም። የካንሰር ሐኪሟ የምትፈልገው ግን የሆርሞን ተቀባይ ምርመራውን ነበር፤ ለሴትየዋ ታሞክሲፈን የሚባለው መድኃኒት ይጠቅማታል ወይስ አይጠቅማትም የሚባለው በዚያ ነው። አንቺ ታውቂዋለሽ፣ ለሌላው አንባቢ ልንገረው፦ የጡት ናሙና ለዚህ ምርመራ የሚታመነው ከሰውነት በወጣ በ1 ሰዓት ውስጥ ፎርማሊን ካገኘ፣ እዚያም ከ6 ሰዓት ያላነሰ፣ ከ72 ሰዓት ያልበለጠ ከቆየ ነው። የሃይላንዱ ናሙና «ኔጌቲቭ» ቢል፣ በሽታው ነው ኔጌቲቭ ወይስ ሥጋው ነው የተበላሸው? እኔ መለየት አልችልም። «ናሙናው ለዚህ ምርመራ ብቁ አይደለም» ብዬ ጻፍኩ። ሰውየው ወረቀቱን ተቀብለው አስነበቡና «ታዲያ ገንዘቤን ለምን ተቀበላችሁ?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። ሆስፒታል ሳለሁ እንዲህ ያለ ናሙና ሲመጣ በሪፖርቱ ግርጌ «በአግባቡ ያልተጠበቀ» ብዬ ጽፌ እፈርማለሁ፤ ጥፋቱ የሌላ ሰው ነው፣ እኔም ቤቴ ገብቼ እተኛለሁ። በሩ ላይ የራሴ ስም ከተሰቀለ በኋላ ግን ያ እንቅልፍ ቀረ። በዚያው ሳምንት መርካቶ ወርጄ 200 አፈ ሰፊ የፕላስቲክ ዕቃ ገዛሁ፣ ፎርማሊን ሞላሁበት፣ «የተቆረጠበት ሰዓት» የሚል ወረቀት ለጠፍኩበትና ናሙና ለሚልኩልኝ ክሊኒኮች በነፃ አደልኩ። ከገዛኋቸው ማሽኖች ሁሉ ያን ዕቃ ያህል የካሰኝ የለም።

ሁለተኛው የመብራት ነገር ነው። ቲሹ ፕሮሰሰር ሌሊት እንደሚሠራ ታውቂያለሽ፤ ማታ የተጫነለትን ካሴት ከፎርማሊን ወደ አልኮል፣ ከአልኮል ወደ ዛይሊን፣ ከዛይሊን ወደ ቀለጠ ፓራፊን እያዘዋወረ ጠዋት ያስረክባል። አንድ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። ጄኔሬተሩ አልነሣም አለ፣ ዘበኛው ደግሞ ለማን እንደሚደውል የነገረው የለም። ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ስገባ 37 ካሴት ዛይሊን ውስጥ እንደተነከረ ቆሟል፤ ፓራፊኑ በአጠገቡ እንደ ሻማ ረግቷል። ትልልቁ ናሙና ምንም አይልም፣ ትርፍ ሥጋ አለው። ከጨጓራ በኢንዶስኮፒ የተቆነጠረችው ግን የሩዝ ፍሬ እንኳ አታክልም፣ ሌላ የላትም። ሁለቱ ማይክሮቶም ላይ እንደ ብስኩት ተፈረፈሩ። ለሁለቱም በሽተኞች ደውዬ ይቅርታ ጠይቄ፣ ኢንዶስኮፒው በድጋሚ እንዲሠራላቸው ከኪሴ ከፈልኩ። አንደኛዋ መጣች። ሁለተኛው ስልኬን ማንሣት አቆመ።

ከዚያ ወዲህ «ላብራቶሪ ልክፈት» የሚለኝን ሁሉ «ማን ይቆርጥልሃል?» ነው የምለው። ናሙናው ከተቀበረበት የፓራፊን ብሎክ 4 ማይክሮን ውፍረት ያለው ሪባን ስቦ፣ ሳይሸበሸብ ሞቅ ያለ ውኃ ላይ አንሳፎ በስላይድ የሚያነሣ፣ ምላጩ መደንዘዙን በድምፁ የሚያውቅ ሰው ማለቴ ነው። እንዲህ ያለ እጅ እንደልብ አይገኝም፤ የተገኘውንም ሌላው በ2 ሺህ ብር ጭማሪ ይወስድብሻል። አንቺ እንዲህ ያለ ሰው ሆስፒታላችሁ ውስጥ ታውቂያለሽ፤ አሁን ስታነቢ ፊቱ ድቅን እንዳለብሽ እርግጠኛ ነኝ። አንድ ቀን ሙሉ ላብራቶሪ የከፈትሽ እንደሆነ ለእሱ ደመወዝ ብቻ አትስጪው፤ ድርሻ ስጪው። ባለቤትሽ ይህን ሲሰማ ይቆጣ ይሆናል። ይቆጣ።

አሁን ወደ ወንድምሽ። ስለ ኩዌስት ያለው እውነት ነው። ፖል ብራውን የሚባል ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1967 ኒው ዮርክ ላይ ሜትሮፖሊታን ፓቶሎጂ ላብራቶሪ ብሎ ጀመረ፤ ኋላ ሜትፓዝ ተባለ። በ1982 ኮርኒንግ ገዛው፤ ከኮርኒንግ ተለይቶ ኩዌስት ዳያግኖስቲክስ ተብሎ ራሱን የቻለው በ1996 መጨረሻ ነው። ወንድምሽ ያልነገረሽ ግን ያ ቤት የገነነው በባዮፕሲ አለመሆኑን ነው። በደም ነው። ቀን ከየሐኪሙ ቢሮ የተሰበሰበው ቱቦ በአንድ ትልቅ ማእከል ሌሊቱን በማሽን ይመረመራል፣ ጠዋት ውጤቱ ይላካል። ስሙ ፓቶሎጂ ይሁን እንጂ እንጀራው ኬሚስትሪ ነው። ማሽኑ አንዴ ከተነሣ ሺኛው የስኳር ምርመራ ከመጀመሪያው እጅግ ይረክሳል። ባዮፕሲ እንዲህ አይደለም። መቶኛውም እንደ መጀመሪያው በእጅ ይቆረጣል፣ በእጅ ይቀበራል፣ በእጅ ይሳባል፣ መጨረሻ ላይ ያው ያንቺን ሁለት ዓይን ይጠብቃል። ብዛት ሲጨምር ወጪው የማይቀንስ ሥራ ነው። ይህን ለወንድምሽ በስልክ ብትነግሪው በአንድ ደቂቃ ይገባዋል፤ አሜሪካ የኖረ ሰው ነው።

«እንግዲያው የደም ማሽንም ልጨምር» ትዪ ይሆናል። አስመጪዎቹም ራሳቸው መጥተው በርሽን ያንኳኳሉ፦ «ማሽኑን በነፃ እናስቀምጥልሽ፣ አንቺ ሪኤጀንቱን (የመመርመሪያ ኬሚካሉን) ከእኛ ብቻ ግዢ።» መጥፎ ውል ነው አልልም፤ ብዙ ቤት የቆመው በዚህ ነው። ግን ውሉ ውስጥ በወር ይህን ያህል ትገዢያለሽ የሚል መስመር አለ፤ በሽተኛ መጣም አልመጣም። ሪኤጀንቱ ደግሞ ከተከፈተ ቀኑ ያልፍበታል። ከሁሉ በላይ የሚገባው በዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ከ100 ዘለለ። ያን ክረምት ግድግዳ ላይ የተለጠፈው የዋጋ ዝርዝራቸው በብር፣ ዕዳቸው በዶላር የሆነባቸው ወዳጆቼ እንዴት እንደከረሙ አይቻለሁ። አንዱ እስካሁን ፀጉሩን አልተላጨም።

60 ሺህ ዶላር ከሩቅ ሲያዩት ብዙ ይመስላል። ፕሮሰሰር፣ ብሎክ መቅበሪያ፣ ማይክሮቶም፣ ጭስ የሚስብ የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ ጄኔሬተር፣ የስድስት ወር ኪራይ እያልሽ ስትደምሪ ግን ማሽኑ ተገትሮ ዛይሊን የምትገዢበት ታጪያለሽ። እንዲያ ሆኖ ያየሁት ላብራቶሪ አንድ ብቻ ቢሆን ባልነገርኩሽ።

እኔ ብሆን እንዲህ ነው የማደርገው። እጅሽ ላይ ማሽን የማይፈልግ ሙያ አለ፤ ኤፍ ኤን ኤ፣ ማለትም ከእጢው በቀጭን መርፌ ናሙና ስቦ ማየት። አንድ ክፍል፣ አንድ አልጋ፣ ቀጭን መርፌና ባለ 10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ፣ ስላይድ፣ የራይት ቀለም፣ ማይክሮስኮፕ። የአንገት እጢ ያበጠበት ጠዋት ይመጣል፤ ቲቢ ይሁን ሊምፎማ የሚባለው ካንሰር፣ ከሰዓት በኋላ የመጀመሪያውን ቃል ይዞ ይሄዳል። እንቅርት ያለባት፣ ጡቷ ላይ ጠጠር የዳሰሰች ሴት፣ ሁሉም በዚያች ክፍል ይስተናገዳሉ። መብራት ቢሄድ እንኳ ስላይዱ ደርቆ ይጠብቅሻል። ደግሞ ታማሚውን በፊቱ ታዪዋለሽ። እኛ ፓቶሎጂስቶች የረሳነው ነገር ነው ይሄ፤ «ከመቼ ጀምሮ ነው? ማታ ማታ ያልብሃል?» ብሎ መጠየቅ ስንት ስላይድ እንደሚያቀል!

ባዮፕሲም ተቀበይ፤ ስላይዱን ግን አንቺ አትሥሪው። በራስሽ ዕቃ፣ በራስሽ ፎርማሊን፣ ሰዓቱ ተጽፎበት ይምጣ፤ አንቺ መርምረሽ፣ ቆርጠሽ በካሴት አድርጊው። ፕሮሰሰር ካለው ቤት ጋር ውል ግቢና እነሱ ስላይድ ያድርጉልሽ፣ ንባቡ ያንቺ ይሁን። ብሎኩ ግን ወዳንቺ ይመለስ። ብሎክ ቢያንስ 10 ዓመት መቀመጥ ያለበት ነገር ነው፤ ከሦስት ዓመት በኋላ በሽታው ቢያገረሽባት ሴትየዋ የምትፈልገው ያንቺን በር ነው። ቀን በቀን መዝገብ ያዢ፦ ናሙናው መቼ ደረሰ፣ በምን ዕቃ መጣ፣ ስንት ናሙና አልቀበልም አልሽ፣ ሪፖርቱ በስንተኛው ቀን ወጣ። በኔ ግምት መዝገቡ ለስድስት ወር ያህል ሳያቋርጥ በቀን ከ15 ካሴት በላይ ካሳየሽ ያኔ ፕሮሰሰር ግዢ። ከዚያ በታች ከሆነ ማሽኑ ያንቺን ጉልበት ይበላል እንጂ አያሳርፍሽም። አይኤስኦ 15189 የሚባል የሕክምና ላብራቶሪዎች የጥራት ዕውቅና እንዳለ ሰምተሽ ይሆናል፤ አገራችን ውስጥ የሚሰጠው የኢትዮጵያ አክሬዲቴሽን አገልግሎት ነው። ዘንድሮ እሱን አታሳድጂ፤ ወረቀትሽን ብቻ ከመጀመሪያው ቀን እሱ በሚጠይቀው መልክ ያዢ፣ በኋላ እንዳትለቅሚ።

ሁለት የማታ ሥራሽን በዚህ ትተኪዋለሽ ማለት ነው፤ ማታና ቅዳሜ። መጀመሪያ ግን የቅጥር ውልሽ ይህን ይፈቅድ እንደሆነ አስተዳደሩን በጽሑፍ ጠይቂ። ቤት ከመከራየትሽ በፊት ደግሞ ተቆጣጣሪው ባለሥልጣን ሄደሽ መሥፈርቱን ውሰጂ፤ ስለ ክፍሉ ስፋት፣ ስለ እጅ መታጠቢያው፣ ስለ ቆሻሻ አወጋገዱ የሚለውን መስመር በመስመር አንብቢ። መጀመሪያ ተከራይቶ ኋላ መሥፈርቱን ያነበበና የሰው ግድግዳ ያፈረሰ ሐኪም አውቃለሁ። እኔ ነኝ።

ስለ ቀዶ ሐኪሙ አጭር ነኝ፦ አይሆንም። ያ 30 በመቶ ወይ ከታማሚው ኪስ ይወጣል፣ ወይ ከፎርማሊንሽ። የባሰው ግን ሌላ ነው። እሱ ትርፍ አንጀት ነው ብሎ ያወጣውን አንቺ «ጤነኛ ነው» ብለሽ መጻፍ ያለብሽ ቀን ይመጣል። እሱ ካንሰር ነው ብሎ የቆረጠው እንቅርት ተራ እንቅርት ሆኖ ይገኛል። ያን ሪፖርት በምን እጅሽ ትጽፊዋለሽ? የላከሽን ሰው ሥራ የምትዳኚው አንቺ ነሽ፤ ዳኛ ከተሟጋቹ ድርሻ አይቀበልም፣ አይሰጥምም። ኮሚሽኑን ትተሽ ይህን አቅርቢለት፦ ነፃ ዕቃ፣ ናሙናውን ከክሊኒኩ የሚወስድ ባለሞተር፣ በአምስት ቀን ሪፖርት፣ ክፉ ነገር ከተገኘ ደግሞ ወረቀቱን ሳይጠብቅ ያንቺ የራስሽ ስልክ። እንቢ ካለ ሌላ ቀዶ ሐኪም አለ።

ወንድምሽን እንዲህ በይው፦ «ጋሼ፣ 15 ሺህ ይበቃኛል፤ የቀረውን እዚያው አስቀምጥልኝ።» ታላቅ ወንድም ገንዘብህን አልፈልግም ሲባል ይከፋዋል፤ ጥቂቱን ነው የምፈልገው ሲባል ግን ይኮራል። ከዚያ ብሩ ሳይላክ ይህ ብድር ነው ወይስ ድርሻ የሚለው ይጻፍ። ብድር ከሆነ በምን ገንዘብ እንደሚመለስ ይታወቅ፤ ዶላር ተበድሮ በዶላር መመለስ ምን እንደሆነ ከላይ ነግሬሻለሁ። ድርሻ ከሆነ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ትመሠርታላችሁ፤ አሜሪካዊ ዜግነት ወስዶ ከሆነ የቢጫ ካርዱን (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያውን) ጉዳይ ጠበቃ ይይላችሁ። አንድ ነገር ብቻ በውሉ ላይ አትርሺ፦ የትኛው ናሙና እንደሚመለስ፣ የትኛው ሪፖርት እንደሚዘገይ የምትወስኚው አንቺ ብቻ ነሽ። የወንድም ፍቅር አለ ብላችሁ ይህን በቃል አትተዉት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ በወንድማማቾች መሀል ሲፈታ ደግሞ እናት ናት የምትታመመው።

ሬዚደንቶቹን በተመለከተ፣ «ክህደት» የሚለውን ቃል ተይው። የምትከጃቸው ጥለሻቸው ስትሄጂ እንጂ ማታ አንድ ክፍል ስለከፈትሽ አይደለም። ከሆስፒታሉ አትውጪ የምልሽ ግን ለእነሱ ብዬ አይደለም፣ ላንቺ ብዬ ነው። የግል ላብራቶሪ ብቸኝነት አለው። ሆስፒታል ሳለሽ ከበድ ያለ ስላይድ ሲገጥምሽ ኮሪደሩን ተሻግረሽ «እስቲ ይህን እይልኝ» ትያለሽ። እኔ ለብቻዬ በሠራሁባቸው ዓመታት በጣም የናፈቀኝ ይሄ ነው፤ ደመወዙም ማዕረጉም አይደለም። አንድ ጊዜ አንድ የቆዳ ናሙና ለሦስት ቀን ትራስጌዬ ላይ አስቀምጬ አድሬያለሁ። ስለዚህ ከአሁኑ ሁለት ባልደረቦች ያዢ፤ አዲስ ካንሰር የምትዪው ሁሉ ከመፈረምሽ በፊት በሌላ ዓይን ይታይ። በስልክ ካሜራ በማይክሮስኮፑ መመልከቻ አንስተሽ በቴሌግራም መላክ ለምክክር ያህል ጥሩ ነው፤ የታማሚው ስም ፎቶው ላይ እንዳይኖር ብቻ። ለፊርማ ግን ስላይዱ ራሱ ይሂድ። ሬዚደንቶችሽም ፈቃድ ካገኘሽ ቅዳሜ እየተፈራረቁ ኤፍ ኤን ኤ ክፍልሽ ይምጡ። መርፌ አያያዝ ከመጽሐፍ አይገኝም።

ማይክሮስኮፑን ግዢው። ባለ ሁለት መመልከቻ ከሆነ ያቺ የቅዳሜዋ ሬዚደንት ከጎንሽ ትቀመጥበታለች። ብሩን ከመቁጠርሽ በፊት ግን ሌንሶቹን አንድ በአንድ ፍቺና ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙረሽ እያቸው፤ የሸረሪት ድር የመሰለ ካየሽ ሻጋታ ነው፣ ዋጋውን አስወርጂው። 40 እጥፍ የሚያጎላውን ሌንስ በደንብ እይው፤ ሬዚደንት ያለበት ቤት የኖረ ማይክሮስኮፕ 40ው ላይ የ100ው ሌንስ ዘይት ያልነካው አላየሁም። አምፖሉ የትኛው ዓይነት እንደሆነም ጠይቂው፤ መሳቢያው ውስጥ ትርፍ ካለው ሁለቱን ይጨምርልሽ።